ከሰው የዘገየ ፕላን፦ የከተማ መሬት ፕላን ከወረቀት ወደ መሬት የሚወርደው እንዴት ነው?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከተማ ፕላን ነው። ጉዳዩ ሲሰሙት የመሐንዲስና የባለሥልጣን ሥራ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ከእናንተ መካከል በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በሌላ ከተማ የኖረ፣ አለዚያም እዚያ ዘመድ ያለው ሰው፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መጥተው በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው ስለ መሄዳቸው መስማቱ አይቀርም። በቤቱ የሚኖረው ሰው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ «ፕላኑ ነው» ይባላል። ሰውዬው ግን ፕላኑን አላየውም። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራና ምን እንደሚል አያውቅም።

ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የመሬት አጠቃቀም ፕላን ምን እንደሆነ፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከተሞች ፕላኖች ለምን ወረቀት ላይ እንደሚቀሩ፣ በሥራ ላይ ሲውሉም ለምን ብዙ ጊዜ ሰውን እንደሚጎዱ፣ እንዲሁም የተሻለ መንገድ ያገኙ ከተሞች ምን እንዳደረጉ እንገልጻለን። ዋናውን ምሳሌ የምንወስደው ብዙዎቻችሁ ከምታውቋት ከአዲስ አበባ ነው። በመጨረሻም እዚህ በእስራኤል አገር በሰፈራችሁ ፕላን ሲወጣ ምን ማድረግ እንደምትችሉ እንነግራችኋለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሬት አጠቃቀም ፕላን ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ገበሬ መሬቱን ሲመለከት ይህ ለጤፍ፣ ያ ለገብስ፣ ረግረጉ ለግጦሽ፣ ጉብታው ለቤት ይሆናል ብሎ ይመድባል። ውሃ በሚተኛበት ቦታ ላይ ጎጆ አይቀልስም፤ ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበትንም መንገድ አያርስም። የመሬት አጠቃቀም ፕላን ማለትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ማሳው ከተማ፣ ባለቤቱም አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ሕዝብ መሆኑ ነው።

ፕላኑ የከተማውን መሬት በሥራ ይከፋፍላል። በካርታው ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫው ለመኖሪያ፣ ቀዩ ለንግድ፣ ሐምራዊው ለፋብሪካ፣ አረንጓዴው ለመናፈሻና ለወንዝ ዳርቻ የተመደበ ነው። መንገድ በየት እንደሚያልፍ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት የት እንደሚሠራ፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል ያሳያል።

ይህ ሥራ በሦስት ደረጃ ይከናወናል። የመጀመሪያው የከተማውን ጠቅላላ መልክ የሚወስነው መሪ ፕላን ነው። ሁለተኛው አንድን ሰፈር ብቻ ወስዶ መንገዱንና የሕንፃውን ከፍታ በዝርዝር የሚያሳየው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ሦስተኛው የመሬት ሽንሻኖና የግንባታ ፈቃድ ነው፤ ይህም መሬቱ ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎ፣ ሰው ካርታውን ይዞ የሚሠራበት ደረጃ ነው። በኢትዮጵያ በ2008 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅም መሪ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ተደጋግፈው እንዲሠሩ ደንግጎ ነበር።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ስዕል ስለሆነ በጥቂት ባለሙያዎች በሁለትና በሦስት ዓመት ያልቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በየሰፈሩ መሄድን፣ መለካትን፣ ከነዋሪው ጋር መነጋገርንና ገንዘብ ማውጣትን ይጠይቃሉ። በብዙ ከተሞች ትልቁ ካርታ ተሠርቶ በቢሮ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። በእውነቱ ግን ገና አልተጀመረም።

አዲስ አበባ፦ ብዙ ፕላን፣ አንድ ከተማ

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር ፕላን አልነበራትም። አፄ ምኒልክ ለመኳንንቶቻቸውና ለጦር አለቆቻቸው ጉብታ ጉብታውን ሰጧቸው፤ በእያንዳንዱ ጉብታ ዙሪያ አሽከሩና ወታደሩ ሰፈረ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚሁ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሳሰሉት ስሞች እስከ ዘመናችን የዘለቁት በዚህ ምክንያት ነው። ባለጸጋና ድሃ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን የሚኖርባት ከተማ መሆኗም ከዚህ የመጣ ነው።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1941፣ ከተማዋን በፕላን ለመከፋፈል ተነሣ። ፕላኑ ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ነበር። በአራዳ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ቦታ ለአገሬው ሰው መደበ። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ያለው «ፒያሳ» የሚለው ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ጣሊያን ተባርሮ ሲወጣ ፕላኑ ባይፈጸምም የገበያው ቦታ ግን ሳይመለስ ቀረ።

ከነጻነት በኋላ ለለንደን ከተማ ፕላን በመሥራት የታወቁት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጠርተው በ1956 ለአዲስ አበባ ፕላን አቀረቡ። ፕላኑ ከተማዋን በቀለበት መንገድ የሚከብ፣ በዳርቻውም አዳዲስ ትንንሽ ከተሞች የሚመሠርት ነበር። አብዛኛው አልተፈጸመም። በ1965 ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ሌላ ፕላን አወጡ። ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ የሚወርደው ሰፊው የቸርችል ጎዳና የዚያ ፕላን ፍሬ ነው። ጎዳናው ሲያምር፣ ከጎዳናው ጀርባ ያሉት የጭቃ ቤቶች ግን እንደነበሩ ቀሩ።

በሐምሌ 1975 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጀ። በዚህ አዋጅ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራይ በመቀነሱ ብዙ ድሃ ተጠቀመ። ሆኖም ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ቤቱን ለማደስ የማይበቃ ስለነበረ፣ ነዋሪውም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማውጣት ስለማይፈልግ ወይም ስለማይፈቀድለት ቤቶቹ ከዓመት ዓመት እያረጁ ሄዱ።

አሁን ደግሞ አንድ የጊዜ ሒሳብ እንመልከት። የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ ሠርተው በ1986 ያጠናቀቁት መሪ ፕላን በመንግሥት የጸደቀው በ1994 ነው። መካከል ላይ 8 ዓመት አለ። በ1984 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ ወደ 1.4 ሚልዮን ነበር፤ በ1994 በተደረገው ቆጠራ ግን ከ2.1 ሚልዮን በላይ ሆነ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 700 ሺህ ያህል ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የት ገባ? ፕላኑን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። የተከራየ ተከራየ፣ በዘመድ ጓሮ ተለጣፊ ቤት የሠራ ሠራ፣ የቀረውም በከተማው ዳርቻ ከገበሬ ቦታ ገዝቶ በሌሊት ቤት አቆመ። የአዲስ አበባ ሰው እነዚህን «የጨረቃ ቤት» ይላቸዋል፤ በጨረቃ ብርሃን ተሠርተው ማለዳ ላይ ቆመው የሚገኙ ናቸውና።

ከዚያ በኋላም በ2002 ሌላ መዋቅራዊ ፕላን ወጣ፤ በ2017 ደግሞ 10ኛው የተባለው መሪ ፕላን ጸደቀ። የፕላን እጥረት አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ የጎደለው ምን ነበር?

ፕላን ለምን ወረቀት ላይ ይቀራል?

አንደኛው ምክንያት መሬት ነው። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ በእውነቱ ባዶ አይደለም። በላዩ ላይ ገበሬ ያርስበታል፣ እናት ጉሊት ትቸረችርበታለች፣ ሦስት ትውልድ በአንድ ክፍል ይኖርበታል። ፕላኑን በሥራ ለማዋል መጀመሪያ ማን የት እንዳለና በምን መብት እንደያዘው መመዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ ከሌለ ወይም የተምታታ ከሆነ መሬቱ ፕላኑን ለሚከተለው ሰው ሳይሆን ደላላ ለሚያውቀው ሰው ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በካርታ ላይ መንገድ ለመሳል እርሳስ ብቻ ይበቃል። መንገዱን ለመሥራት ግን ካሳ፣ ድንጋይ፣ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ቦይ ያስፈልጋል። በ1993 በኢትዮጵያ የሊዝ አዋጅ ሲወጣ አንዱ ዓላማ መንግሥት መሬትን ለተወሰነ ዘመን በማከራየት ለመሠረተ ልማት ገንዘብ እንዲያገኝ ነበር። ገንዘብ ተገኝቷል። ነገር ግን ቦታ በጨረታ ለከፍተኛ ገንዘብ ሲሸጥ መካከለኛውና ድሃው ሕጋዊ ቦታ የማግኘት ተስፋው ጠበበ። በሕጋዊው በር መግባት ያልቻለ ሰው ደግሞ በጨረቃ ይገባል።

ሦስተኛው ምክንያት የአስፈጻሚው ድክመት ነው። ውሃውን የሚቀብር አንድ መሥሪያ ቤት፣ መንገዱን የሚያነጥፍ ሌላ፣ ስልኩን የሚዘረጋ ሦስተኛ ነው። ሦስቱ ተስማምተው ካልሠሩ መንገዱ በተነጠፈ በዓመቱ ቧንቧ ለመቅበር ይቆፈራል። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቶታል።

አራተኛውና ዋነኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ፕላን ከሰው ቀድሞ ከደረሰ ሥራው ቀላል ነው፤ ባዶ ሜዳ ላይ ችካል ተክሎ ለመንገድ የሚሆነውን ቦታ መከለል ብዙ ወጪ የለውም። ሰው ከሰፈረ በኋላ ሲደርስ ግን ያንኑ መንገድ ለማውጣት ቤት ማፍረስ፣ ካሳ መክፈል፣ ቤተሰብ መበተን ግድ ይሆናል። ከሰው የቀደመ ፕላን መንገድ ያወጣል፤ ከሰው የዘገየ ፕላን ቤት ያፈርሳል። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ያልተፈጸመ ፕላንም ቢሆን ጉዳት አለው። አንድ ሰፈር ለመንገድ ወይም ለትልቅ ሕንፃ ከተመደበ በኋላ ሥራው ሳይጀመር 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ነዋሪው ጣሪያ ልቀይር፣ መጸዳጃ ልቆፍር ቢል «ቦታው ለልማት ይፈለጋል» ተብሎ ይከለከላል። ልማቱም አይመጣም፣ እድሳቱም አይፈቀድም። ከዚያም አንድ ቀን «ይህ ሰፈር እኮ አርጅቷል» ተብሎ ይፈርሳል። እንዲያረጅ ያደረገው ግን ያው ፕላን ነበር።

መዘግየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

ከሁሉ የከፋውን ምሳሌ ቆሼ ላይ እናገኛለን። ቆሼ በ1960ዎቹ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ሲመረጥ ከከተማው ውጭ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዙሪያውን ከበበው። ቦታ ያጡ ሰዎች ከቆሻሻው ክምር ሥር ቤት ሠሩ፤ ከሚጣለው ዕቃ የሚሸጥ እየለቀሙ የሚኖሩም ብዙ ነበሩ። መጣያው ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር የተደረገው ሙከራም አልሰመረም። በመጋቢት 11 ቀን 2017 የቆሻሻው ተራራ ተደረመሰና ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። በካርታ ላይ በመጣያና በመኖሪያ መካከል ክፍት ቦታ መተው ቀላል መስመር ነው። ያ መስመር በጊዜው በመሬት ላይ ባለመከበሩ የጠፋው የሰው ሕይወት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ናቸው። ፕሮግራሙ ከ2004 ገደማ ጀምሮ በገርጂ በሙከራ ተጀምሮ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ባለቤት አድርጓል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በከተማው መካከል መሬት ውድ ስለሆነ ትልልቆቹ ሰፈሮች እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በዳርቻ ተሠሩ። ከመሀል ከተማ የተነሣችን አንዲት ጉሊት ነጋዴ አስቡ። ቀድሞ ከደጃፏ ወጥታ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጥ ነበር፤ ስትታመም የምትጠይቃት ጎረቤት፣ ስትሞት የሚቀብራት እድር ነበራት። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ንጹሕ ክፍል አላት። ደንበኞቿ ግን የሉም፣ ለታክሲ የምታወጣው ከምታተርፈው ይበልጣል፣ የቅድሚያ ክፍያውንም በብድር ነው የከፈለችው። ብዙዎች በዚህ ምክንያት የደረሳቸውን ቤት አከራይተው ራሳቸው ወደ ርካሽ ቤት ተመልሰዋል። ፕላኑ ቤትን አስቧል፤ ቤት ከእንጀራና ከዘመድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ግን ዘንግቷል።

ሦስተኛው ምሳሌ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ሊያያይዝ የነበረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነው። በፕላኑ ክልል ውስጥ የነበሩት ገበሬዎች «መሬታችን ሊወሰድ ነው» ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አልነበረም። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በዚያን ጊዜ በነበረው የ2005 ሕግ ገበሬ ለመሬቱ ዋጋ አይከፈለውም ነበር። የሚከፈለው ለንብረቱና መሬቱ በዓመት ያስገባለት የነበረው ገቢ በአማካይ ተሰልቶ በ10 ተባዝቶ ነው። በ2019 የወጣው አዋጅ ይህን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ያም ሆኖ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ መሬት በገንዘብ ሲተካ ገንዘቡ ቶሎ ያልቃል። በ2014 የጀመረው ተቃውሞ በ2015 መጨረሻ እንደገና ተቀስቅሶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2016 መንግሥት ፕላኑን ሰረዘው። ባለሙያዎቹ ከተማና ዙሪያው አብረው መታሰብ አለባቸው ማለታቸው ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን መሬቱ ላይ ያለው ሰው ፕላኑን የሰማው ከሁሉ በኋላ ነበር።

ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ቤቶች ፈርሰው መንገዶች ሰፍተዋል፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ከተማዋ አማረች ብለው የተደሰቱ አሉ፤ የተሰጠን ጊዜ አጭር ነበር፣ ከዘመድ ጎረቤት ተለያየን ብለው ያዘኑም ብዙ ናቸው። ከእናንተም መካከል በስልክ ይህንኑ የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከ1 ቢልዮን በላይ ሕዝብ በተጎሳቆሉ የከተማ ሰፈሮች ይኖራል። የተሻለ መንገድ ያገኙም አሉ።

በብራዚል አገር ኩሪቲባ የምትባል ከተማ አለች። በ1965 ፕላኑን የሚከታተል አንድ ቋሚ መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ በ1966 ፕላኗን አጸደቀች። በዚህ መሥሪያ ቤት የሠራው አርኪቴክት ዣይሜ ሌርነር በ1971 ከንቲባ ሆነ። ስለዚህ ፕላኑን የሚያውቀውና የሚያስፈጽመው ሰው አንድ ሆነ። ከተማዋ ለባቡር የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራት በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ሠራች፤ ረጃጅም ሕንፃዎችም በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ብቻ እንዲሠሩ ደነገገች። ሕዝብ በበዛበት አውቶቡስ አለ፣ አውቶቡስ ባለበት ሕዝብ አለ። የመሬት አጠቃቀምና ትራንስፖርት በአንድ ላይ ስለታሰቡ ፕላኑ ራሱን በራሱ አስፈጸመ ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የመሬት ዋጋ እየናረ ሲሄድ ብዙ ድሆች በዙሪያዋ ወዳሉ ከተሞች መገፋታቸው አልቀረም።

በሕንድ አገር በጉጃራት ግዛት የአህመዳባድ ከተማ ሌላ ዘዴ ትጠቀማለች። ከተማው ሊሰፋ ሲል የአካባቢው ባለ መሬቶች ሁሉ መሬታቸው በካርታ ላይ በአንድነት ይደመራል። ከዚያም መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና መናፈሻው ይወጣና ቀሪው ለየባለቤቱ እንደ ድርሻው ይመለሳል። እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ጊዜ እስከ 40 በመቶ ያህል መሬቱን ለሕዝብ ያዋጣል። የቀረው መሬት ግን መንገድ ስላገኘና ቅርጹ ስለተስተካከለ ዋጋው ከቀድሞው ይበልጣል። ባለ መሬቶቹም ከአካባቢው አይባረሩም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በተግባር የታየው እዚህ ነው። በ2001 በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰችው የቡጅ ከተማም ከነዋሪዎቿ ጋር እየተመካከረች በዚሁ ዘዴ ተሠርታለች። በእርግጥ ይህ ዘዴ ሰው በመሬቱ ላይ የታወቀና የተመዘገበ መብት እንዲኖረው ይጠይቃል።

ታይላንድ ደግሞ በ2003 በጀመረችው ፕሮግራም ገንዘቡን ለሥራ ተቋራጭ ሳይሆን ለነዋሪዎቹ ማኅበር በብድር ሰጠች። ነዋሪዎቹ በመጀመሪያ እንደ እቁብ ገንዘብ ማጠራቀም፣ ከዚያም ከባለ መሬቱ ጋር መደራደርና የሰፈራቸውን ፕላን ከአርኪቴክት ጋር ተቀምጠው መሥራት ነበረባቸው። በኢትዮጵያም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በብዙ ከተሞች የኮብልስቶን መንገድ ሲነጠፍ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቷል፣ ወጣቱም ድንጋይ ጠርቦ ሥራ አግኝቷል። ሰው ያዋጣበትን መንገድ ይጠብቀዋል።

እነዚህ ከተሞች ሀብታም ስለነበሩ አይደለም የተሳካላቸው። ፕላኑን የሚከታተል ቋሚ እጅ ነበራቸው፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው አስበዋል፤ መሬቱ ላይ ያለውን ሰውም ባለድርሻ አድርገዋል።

በእስራኤል አገርስ?

እስራኤልም በአንድ ወቅት በማደግ ላይ ያለች አገር ነበረች። ከ1948 እስከ 1951 ባሉት ጥቂት ዓመታት ሕዝቧ በእጥፍ ሲጨምር ስደተኞቹ በመዓባሮት፣ ማለት በድንኳንና በቆርቆሮ ሰፈሮች ኖሩ። በአርኪቴክት አርዬ ሻሮን መሪነት የተዘጋጀው አገር አቀፍ ፕላን ሕዝቡን ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን በአዳዲስ ከተሞች እንዲበተን አደረገ። ይሩሐም፣ ዲሞናና ኦፋቂም በዚያ ዘመን የተቆረቆሩ ናቸው። ይህ ፕላን ወረቀት ላይ አልቀረም፤ ከተሞቹ ተሠሩ። ነገር ግን ቤቱ ቀድሞ ሥራውና ትራንስፖርቱ ስለዘገየ በየከተሞቹ የሰፈሩት ስደተኞች፣ ብዙዎቹም ከሰሜን አፍሪካ የመጡ፣ ለብዙ ዓመታት ተቸገሩ። ስለዚህ ፕላን መፈጸሙ ብቻ በቂ አይደለም፤ ከቤቱ ጋር እንጀራው አብሮ መድረስ አለበት።

አሁን እናንተ በምትኖሩበት ከተማ የሚሠራው በ1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት በአገር፣ በአውራጃና በከተማ ደረጃ የፕላን ኮሚቴዎች አሉ። የአንድ ቦታ ዝርዝር ፕላን በተለምዶ «ታባ» ይባላል። ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። በጋዜጣ ይወጣል፣ በሰፈሩም ማስታወቂያ ይለጠፋል። ማስታወቂያው በዕብራይስጥ ስለሆነ አታልፉት፤ ፎቶ አንስታችሁ ወይም ገልብጣችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው አሳዩ። በኢሪያ፣ ማለት በማዘጋጃ ቤቱ፣ የምህንድስና ክፍል ሄዳችሁ ፕላኑን ማየትም መብታችሁ ነው። ለባለሙያው «ቤቴ የቱ ጋ ነው? በእሱ ላይ ምን ይሠራል?» በሉት።

ሁለተኛ፣ በፕላኑ የሚጎዳ ሰው ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። በዕብራይስጥ «ሂትናግዱት» ይባላል። ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ትክክለኛውን ቀን ከማስታወቂያው ላይ አስነብቡ። ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይቀርባል፤ የተጻፈው እውነት መሆኑን በጠበቃ ፊት በተፈረመ «ታስሂር» ማረጋገጥም ያስፈልጋል። «አልፈልግም» ማለት ብቻ አይጠቅምም። «ይህ መንገድ ልጆቼ ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበትን ይዘጋል፤ በዚያ በኩል ቢያልፍ ይሻላል» ማለት ይበልጣል። ጎረቤቶች ተሰብስባችሁ ብታቀርቡት ደግሞ የበለጠ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ አሮጌ ሕንፃ ፈርሶ አዲስ የሚሠራበት «ፒኑይ ቢኑይ» የሚባል ዘዴ አለ። ስደተኞች በብዛት በሚኖሩባቸው አሮጌ ሰፈሮችም እየተሠራበት ነው። ባለቤቱ በአሮጌው ቤት ምትክ አዲስ ስለሚያገኝ ጥሩ ዕድል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ወረቀት ይዞ በር ለሚያንኳኳ ሰው በዚያው ዕለት አትፈርሙ። ውሉ በምታውቁት ቋንቋ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ከኩባንያው ሳይሆን ከነዋሪው ጎን የሚቆም ጠበቃ መኖሩን አረጋግጡ። በግንባታው ጊዜ የት እንደምትኖሩ፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ በአዲሱ ሕንፃ ወርሐዊው የቫዓድ ባይት ክፍያ ምን ያህል እንደሚሆን ጠይቁ። ተከራዮች ከሆናችሁ ደግሞ መብታችሁ ከባለቤቱ ስለሚለይ አስቀድማችሁ ተማከሩ። በአገራችን የሰማነው የጉሊት ነጋዴዋ ታሪክ እዚህም በሌላ መልክ ሊደርስ ይችላል፤ ቤቱ አምሮ ወጪው ካልተቻለ፣ ዘመድና ሲናጎግ ከራቀ፣ ሽማግሌዎች ይጎዳሉ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ብዙዎቻችሁ ባደጋችሁበት አገር ፕላን ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ግድግዳው ላይ ቀዩ ቀለም ሲቀባ ነው። ፕላን ግን ሰው ያወጣው ነገር ስለሆነ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። የሚሻሻለውም ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ማሽኑ ከመጣ በኋላ የሚቀረው ክርክር ስለ ካሳ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በመግቢያችሁ በር ላይ ወይም በመንገዱ ዳር አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ስታዩ ዛሬውኑ አስነብቡት፤ ቀኑንም ጻፉት።